«እንደውልላችኋለን» ከተባለ በኋላ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል የሚያስተናግድ አንድ ጓደኛዬ ነበር። አለቃቸው ሠራተኞቹን ሰብስቦ «እንግዳ የለም፤ ለጊዜው ቤታችሁ ሁኑ፣ እንደውልላችኋለን» አላቸው። ልጁ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ነበር የሚተኛው። ወሩ ሲያልቅ የደወለለት ግን አለቃው ሳይሆን ቤት አከራዩ ነው።

የሚገርመው ነገር፣ በዚያው ሰሞን ሠራተኛ መቀነስ በሕግ ተከልክሎ ነበር።

መጋቢት 30 ቀን 2012 በኮቪድ ምክንያት የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012 መሠረት አንድ አሠሪ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ካወጣው የአሠራር ፕሮቶኮል ውጪ ሠራተኛ መቀነስ ወይም ውል ማቋረጥ አይችልም ነበር። መንግሥት በክልከላ ብቻም አልቆመም። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። ሥራ አቁመውም ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች ደግሞ የሠራተኞቻቸው የሥራ ግብር ለአራት ወር ቀረላቸው።

ታዲያ ጓደኛዬን ማን ከለከለው? «ውል ነበረህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ኧረ ምን ውል! በሰው ነው የገባሁት» አለኝ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ሕጉ በቃል የተደረገን የሥራ ውልም ያውቃል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ጓደኛዬ ያጣው መብቱን ሳይሆን ማስረጃውን ነው። ሊስትሮው፣ የቀን ሠራተኛውና ጀብሎው ደግሞ ከመጀመሪያውም ቋሚ አሠሪ የላቸውም። «ማሰናበት ክልክል ነው» የሚል ደንብ ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል?

ሌላም ችግር አለ። ሆቴሉም ቢሆን ገቢ የለውም። አታሰናብት ተብሎ የሚከፍለው ካጣ ክልከላው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ጀርመኖች ይህን ጥያቄ የመለሱት በሌላ መንገድ ነው። «ኩርትስአርባይት» ይሉታል፤ አጭር ሥራ እንደማለት ነው። ችግር ሲመጣ ፋብሪካው ሠራተኛውን ከማባረር ይልቅ የሥራ ሰዓቱን ይቀንሳል። ሠራተኛው ካጣው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ካለው 67 በመቶውን የሥራ አጥ መድን ፈንዱ ይከፍለዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ሲከፋ ክፍያው ለቆዩት እስከ 80 እና 87 በመቶ ደርሷል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር ብቻ ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚህ ተጠቅሟል። ከመሞት መሰንበት ይሏል ይሄ ነው። ሥራው ሲመለስ ሠራተኛውም እዚያው አለ፤ አዲስ መቅጠር፣ አዲስ ማሠልጠን የለም።

ጀርመን ሀብታም ስለሆነች ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ፈንዱ የተጠራቀመው በደህናው ጊዜ ሠራተኛውም አሠሪውም ከደመወዝ ላይ እያዋጡ ነው። እኛም ማዋጣት እናውቃለን። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ይከፍላሉ። ጡረታው ግን ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለሞት እንጂ ሥራ ላጣ የ25 ዓመት ወጣት አይደርስም። የሥራ አጥ መድን የለንም።

ኮቪድም የመጨረሻው ፈተና አልነበረም። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ፣ ወደ አሜሪካ ልብስ ሰፍተው የሚልኩ ፋብሪካዎች ገበያቸው ተናጋ። እዚያ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የአስቸኳይ ጊዜው ክልከላ ያኔ አልነበረም፤ ሥራ ላጣችዋ የሚከፍል ፈንድም እንደዚያው።

ፈንዱ እስኪቋቋም ድረስ እጃችን ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባሃል፣ ይገባሻል። የሥራ ስንብት ክፍያም አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ያለአግባብ ተባርሬያለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ክሱን በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ሦስት ወር ደግሞ «ይደውሉልኝ ይሆናል» እያሉ ሲጠብቁ ሳይታወቅ ያልቃል።

ስለዚህ ዛሬ፣ ሥራው ሰላም እያለ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ መታወቂያችሁንና የባንክ መልእክታችሁን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ውል ካልተሰጣችሁ ጠይቁ።

ጓደኛዬ አሁን ሌላ ቦታ ነው የሚሠራው። ውሉን ስልኩ ላይ አሳይቶኛል። እሱ የድርሻውን አድርጓል፤ ፈንዱን ማቋቋም ግን የመንግሥት ሥራ ነው። ለዚያም ቢሆን የሚሻለው ሳይቃጠል በቅጠል ነው።