የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በሜዳ ዳር

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። የእግሩ ወለምታ ግን ሞጣም ሆነ ቢቸና በቅቤ ይታሻል፤ የሚያሸውም ወጌሻ ነው። በአገራችን እግር ኳስ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠውም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ የስፖርት ሕክምና ለምሥራቅ ጎጃም ፈጽሞ ባዳ አይደለም። ባዳው፣ ይህን ሥራ ከድንገተኛ ክፍል ተረኝነት ጋር አዳብሎ የሚይዝ ሐኪም ነው።

አሜሪካ ውስጥ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት አንድ ዓመት ጨምሮ ከተማረ በስፖርት ሕክምናም ንዑስ ስፔሻሊስት መሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሐኪም ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ያድራል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ስፖርተኞችን ክሊኒክ ውስጥ ያያል። ተረኛ ሲሆን የሚጠይቀው «ተሰብሯል ወይ? ደሙ ይዘዋወራል ወይ?» ብሎ ነው፤ ወስኖ ይሸኛል፣ የሸኘውንም ብዙ ጊዜ ዳግም አያየውም። በስፖርት ክሊኒኩ ግን ያው ሰው ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ «መቼ ልሩጥ?» ይለዋል።

ሁለቱ ሙያዎች ቁርጭምጭሚት ላይ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢያን ስቲል የተባለ ካናዳዊ የድንገተኛ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የኦታዋ የቁርጭምጭሚት ደንብ የሚባለውን አወጣ። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ላመመው ሰው፣ ግራና ቀኝ ጎላ ብለው የሚታዩት አጥንቶች ከጫፋቸው እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ በኋላ ጠርዛቸው በኩል ይዳሰሳሉ። አጥንቱ ሲነካ ካላመመውና፣ እንደተጎዳ ወይም ሐኪም ፊት እንደቀረበ አራት እርምጃ ከሄደ (ማነከሱም ይቆጠርለታል)፣ ራጅ አያስፈልገውም። ደንቡ የራጁን ብዛት ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ስብራትም እምብዛም አያመልጠውም። ራጅ ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ከጣት በቀር ሌላ መሣሪያ አለመጠየቁ ቀላል ነገር አይደለም።

በኢትዮጵያ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉን የሚይዙት ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። በቅሎ የጣለችው፣ ባጃጅ የገጨው፣ በገና ጨዋታ ዱላ ያረፈበት፣ ሁሉም እነሱ ዘንድ ይመጣል። የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ የሚፈልገው የስፖርት ሐኪም ለሯጭ ብቻ የሚቆም አይመስለኝም። ሰኔ ላይ እግሩ የዞረ ገበሬ ግጥሚያ ሳይሆን እርሻ ነው የሚያመልጠው፤ «መቼ ልረስ?» የሚለው ጥያቄውም «መቼ ልሩጥ?» ከሚለው አይለይም። ወለምታ እንዳይደገም ለተጫዋች የሚታዘዘው በአንድ እግር የመቆም ልምምድ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ለሚወርድም ይጠቅማል።

ወጌሻውን ምን እናድርገው? መከልከሉ አይሠራም፤ ሰው ከሆስፒታል በፊት የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ብዙው እጁ ብልህ ነው፤ ወለም ያለውን ያስታምማል። ጉዳቱ የሚመጣው ስብራትን ሲያሸና በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር ነው። እብጠቱ ሲጨምር ማሰሪያው ደም ያግዳል፤ በዚህ የተነሳ እጅ ወይም እግር የተቆረጠባቸው ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ሁለቱን ሙያ የያዘው ሐኪም ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ከወጌሻዎች ጋር ቢቀመጥ ይሻላል። የሚነግራቸውም አጭር ነው፤ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው እዚያው ይፈታል፣ ታማሚውም ወደ ሆስፒታል ይላካል። ወደ ባሕር ዳር መላክ ካስፈለገ፣ ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በላይ እምብዛም አይጠብቅም።