ከዱካና እስከ ምክር ቤት፦ የቦናያ ጎዳና የእንደራሴነት ዘመን

በመምህራን ማሠልጠኛችን ያሉ ዕጩ መምህራን «የሕዝብ እንደራሴ ሥራው ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። የመማሪያ መጽሐፉ «ሕግ ያወጣል፤ መንግሥትን ይቆጣጠራል» ብሎ ያልፈዋል። ለሞያሌና ለዋልዳ አካባቢ ተማሪ ግን የዶክተር ቦናያ ጎዳና ታሪክ ከመጽሐፉ ይልቅ ያስረዳል። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦናያ በ1952 በሰሜን ኬንያ፣ ለኢትዮጵያ ወሰን በምትቀርበው ዱካና፣ ከጋብራ ወገን ተወለዱ። ሕግ አጥንተው በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በጄኔቭም የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1985 የታተመው መጽሐፋቸው ዓባይን፣ ኒጀርንና ሴኔጋልን የሚጋሩ አገሮች በውሃው ላይ ስላላቸው መብት የሚናገር ነው። ከደረቅ አገር የወጣ ሰው ስለ ውሃ ሕግ ቢጽፍ አያስደንቅም።

በ1988 የኖርዝ ሆር ሕዝብ መርጦ ወደ ምክር ቤት ላካቸው። በ1990ዎቹ ምክትል አፈ ጉባኤ፣ ከ1998 ጀምሮ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ከአፈ ጉባኤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለወገኑ አይናገርም፤ ሁሉንም በየተራው ያናግራል፣ ሥነ ሥርዓት ያስከብራል። ድምፅ የሚሰጠው ግን ወገን ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ቦናያ የጋብራ ሰው ነበሩ፤ የሞያሌው እንደራሴ ጉራቻ ጋልጋሎ የቦረና። ሁለቱ ሕዝቦች ደግሞ በግጦሽና በውሃ ይጋጩ ነበር።

በጁላይ 12 ቀን 2005 ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቱርቢ ተወረረች። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሳይቀር ተጠቃ። ከሃምሳ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነዚህም ከሃያ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ለእኛ ለመምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

በኤፕሪል 10 ቀን 2006 እንደራሴዎቹ ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ በአንድ ወታደራዊ አውሮፕላን ተሳፍረው ወደ ማርሳቢት ሄዱ። አውሮፕላኑ ከተማዋ አጠገብ ወድቆ 14 ሰዎች ሞቱ። ቦናያና ጉራቻ፣ የሳኩና የላይሳሚስ እንደራሴዎችም አብረው አለፉ። የአካባቢው አራት የምክር ቤት ወንበሮች በአንድ ቀን ባዶ ቀሩ።

ዕርቁን ከዚያ በኋላ የያዙት በአብዛኛው ሽማግሌዎች ናቸው። በ2009 የጋብራና የቦረና ተወካዮች ማይኮናና ዋልዳ ላይ ተሰብስበው፣ ከብት የዘረፈና ነፍስ ያጠፋ የሚከፍለውን ካሳ የሚወስን የሰላም ስምምነት አደረጉ። ይህም ናይሮቢ ያልወጣ ሕግ ነው።

በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ አገር የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። ኬንያም በ2010 ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን አቋቋመች፤ ሥልጣናቸው ከአሜሪካኖቹ ያነሰ ቢሆንም ከ2013 ምርጫ ጀምሮ ማርሳቢትም የራሷ ምክር ቤት አላት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞያሌ ላይ እንደገና ተኩስ ተከፈተ፤ ብዙ ቤተሰብም ወሰን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ።