ያለ ደመወዝ የሚጻፍ ፕሮግራም ምን ያተርፋል?

በነጻ የሚታደል ዕቃ ገበያ ያበላሻል ይላል ነጋዴ። በሶፍትዌር ገበያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ2019 ሬድ ሃት የተባለውን ኩባንያ በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። ሬድ ሃት የቆመው ማንም በነጻ ሊወስደው በሚችለው ሊኑክስ ላይ ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለዋስትናውና ለጥገናው ነው።

እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ ይባላል። ኮዱን ማንም ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ያሻሻለውንም መልሶ ለሌላው ያቀርባል። ወንፈል የሚያውቅ የፋርጣ ገበሬ አሠራሩ አይጠፋውም። እኛም ከዚህ ተቋዳሾች ነን። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግዕዝን በላቲን ፊደል የመጻፊያ «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ዘረጉ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም እ.ኤ.አ. በ2002 በሊኑክስ ላይ ለሚሠራው ጂኖም የአማርኛ ትርጉም አቅርቧል።

ታዲያ ደብረ ታቦር ያለ አንድ የኮምፒዩተር ተማሪ ከየት ይጀምር? አዲስ ፕሮግራም በመፍጠር አይደለም። በሚጠቀምበት ፕሮግራም ውስጥ እሱ የሚያየውን፣ ባዕድ የማያየውን ጉድለት ይፈልግ። ለምሳሌ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ክፍት ምንጭ ሥራ ነው። ዓመቱን በ12 ወር ብቻ የሚቆጥር ባለሙያ ጳጉሜን ላይ የተፈጠረ የሪፖርት ስህተት ቶሎ ላይገባው ይችላል፤ የእኛ ልጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ጉድለቱ ከተገኘ በኋላ አስቀድሞ ሰው አመልክቶት እንደሆነ ይታያል። ካልሆነ የትኛው እትም ላይ፣ ምን ሲነካ፣ ምን መሆን ሲገባው ምን እንደሆነ በአጭሩ ይጻፋል። ከዚያ የኮዱ ቅጂ ተወስዶ፣ አንዲት ነገር ብቻ ተስተካክላ፣ ተፈትሻ ትላካለች። የመጀመሪያው ሥራ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመለስ ማኩረፍ አያስፈልግም፤ ያለ ክፍያ ከሚገኘው ትምህርት ትልቁ ይህ እርማት ነው። ጊት በተባለው መሣሪያ ኮዱ ከነታሪኩ በራስ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚቀመጥ ያለ ኢንተርኔት ተሠርቶ መስመር ሲገኝ ይላካል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን ለሚያስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወላጅ «ልጄ ማታ ማታ ለማን ነው የሚለፋው?» ቢል አይፈረድበትም። የበጎ ፈቃድ ሥራ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት መወሰን ይሻላል። (ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሠሩት ፈረንጆችም ሙሉ በሙሉ በፈቃዳቸው ነበር ማለት ያስቸግራል።) ልዩነቱ፣ የዚህ ልጅ እያንዳንዱ እርማት በስሙና በቀኑ ተመዝግቦ ይኖራል፤ ቀጣሪ ከየትም ሆኖ ከፍቶ ያየዋል። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው የክረምት ፕሮግራም ለጀማሪዎች ድጎማ ሲከፍል ቆይቷል።

ለነጋዴውም በር አለ። ኢ.አር.ፒ.ኔክስትን በመሰለ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ሒሳባቸውን የሚይዙ ሦስት አስመጪዎች፣ ሦስቱም የሚቸገሩበትን አንድ ጉድለት በጋራ ከፍለው ማሠራት ይችላሉ። ክፍያው ግን ማስተካከያው በዋናው ፕሮጀክት ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ በጎን የተለጠፈ ጥገና በሚቀጥለው እትም ሊበላሽ ይችላልና።