በድድ ላይ የሚወጣ ዕጢ፦ ምርመራውና ሕክምናው

በድድ ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ጥርስ ላይ ከሚጋገር ቆሻሻ ወይም ከመግል የሚነሣ ነው። በነፍሰ ጡር እናቶች ላይም ቀይና በቀላሉ የሚደማ እባጭ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ የሚከሠተው አደገኛ ዕጢም እነዚህን ስለሚመስል፣ በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ሐኪሙ አፍንና አንገትን ይመረምራል፤ አጥንቱ መጎዳት አለመጎዳቱን በራጅ ያያል፤ ከእባጩም ጥቂት ሥጋ ወስዶ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይልካል። እርግጠኛው መልስ የሚገኘው ከዚህ ነው። ካንሰር ያልሆነው ዕጢ ከነሥሩ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ተመልሶ ሊበቅል ስለሚችል ግን ክትትል ያሻዋል። ካንሰር ከሆነ እንደ ደረጃው ሰፋ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይም መድኃኒት ይታዘዛል። በጊዜ ሲደረስበት በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና ሊወገድ የሚችለው ዕጢ፣ ከዘገየ መንጋጋን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል።

ብዙ ምእመናን ከሐኪም አስቀድመው የሚያማክሩት የንስሐ አባታቸውን ነውና፣ አደራው በእኛም ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም እባጭ፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የከንፈር መደንዘዝ ወይም የአንገት እብጠት ያለበትን ሰው ሳንውል ሳናድር ወደ ሆስፒታል እንላክ። እባጩን በቤት ማስቆረጥ፣ ሳይመረመሩም ጥርስን ማስነቀል አይገባም። ጸሎቱና ጸበሉ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። የመጓጓዣ ገንዘብ ያጠረውንም ሰበካ ጉባኤው ቢደግፈው፣ የአንድ ቤተሰብን ተስፋ ይታደጋል።