ደጋፊም ተቃዋሚም፣ ድንኳን ሲተከል

የእኛ እድር መተዳደሪያ ደንብ አባላት አብረው ቀብር እንዲወጡ ያስገድዳል። አብረው እንዲያስቡ የሚያስገድድ አንቀጽ ግን የለውም። ጉለሌ ውስጥ ያለ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ጡረታ ስወጣ፣ ጎረቤቶቼ «ይህ ሰው ያለ መዝገብ መኖር አይችልም» ብለው የአባላቱን መዝገብ አስረከቡኝ። ስለ አገር ጉዳይ ቢጠየቁ፣ በዚያ መዝገብ ላይ ተከታትለው የተጻፉ ሁለት ሰዎች እንኳ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

«ሻምበል» የምንላቸው አባላችን በደርግ ጊዜ ኤርትራ የተዋጉ ናቸው። አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታቸው በወጣትነታቸው ኢሕአፓ ነበሩ፤ በዚሁ ታስረዋል። እሳቸውን «መምህር» እንላቸዋለን። ወረድ ብሎ በኢሕአዴግ ዘመን የቀበሌ ሹም የነበረ ሰው ይኖራል። ከእሱ ፊት ለፊት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ለቅንጅት ሲቀሰቅስ የከረመ ባለሱቅ አለ። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች፣ የሰላሌ ሰዎች፣ ጉራጌዎች፣ ከዓድዋና ከአክሱም የመጡ ቤተሰቦች አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ።

እነዚህ ሰዎች እንዴት አብረው ይኖራሉ ሲባል የተለመደው መልስ «ሕዝባችን ጨዋ ነው፤ ይዋደዳል» የሚል ነው። መዋደዱን አልክድም። ግን የሚዋደዱ ሰዎች ሲጣሉም አይቻለሁ። መዝገቤ የሚነግረኝ ሌላ ነው፤ ይህን ሰፈር አንድ ላይ ያቆየው ተራ፣ ግዴታና ቅጣት ነው።

ጡሩምባው ሲነፋ

አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተቆርቁራ ስትሰፋ፣ ከየአውራጃው የመጣው ሰው ዘመዱን ከኋላው ትቶ ነበር የመጣው። ገጠር ቢሆን ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረውም ለቀስተኛ የሚቀበለውም ዘመድ ነው። ከተማ ላይ ይህን ለጎረቤት መስጠት ግድ ሆነ። የእድርን አጀማመር ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ ከመጡት ጉራጌዎች ጋር ያያይዙታል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ መስፋፋቱም ይነገራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አባል በየወሩ ያዋጣል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ገና ጎህ ሲቀድ በየቅያሱ እየዞረ የማን ቤት ሐዘን እንደደረሰ ይለፍፋል። የድንኳን ተራ የደረሳቸው ሰዎች ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ከእድሩ ዕቃ ቤት አውጥተው ያደርሳሉ። ለሐዘንተኛው ቤት ገንዘብ ይሰጣል። ቀብሩ ሲያበቃ እኔ መዝገቡን ገልጬ ስም እጠራለሁ። ያለ ፈቃድ የቀረ ይቀጣል፤ ውዝፉ ከልክ ያለፈ ከአባልነት ይሰረዛል።

ደንቡ የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ። ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ የየትኛው ወገን ነበር ብሎ አይጠይቅም። እንደ ብዙ እድሮች ሁሉ የእኛም ከፖለቲካና ከሃይማኖት ነጻ ነው ተብሎ ተጽፏል። ይህ አባላቱ ፖለቲካ የላቸውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሞልቷቸዋል። እድሩ አይጠይቃቸውም ማለት ነው።

ያልተገዛው ድስት

ይህ አንቀጽ ክፉኛ የተፈተነው በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ደርግ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ወርሶ ቀበሌዎችን ሲያቋቁም፣ መንገድና ትምህርት ቤት ማሠራት ጀምረው የነበሩ እድሮች ወደ ቀብር ሥራቸው ብቻ እንዲመለሱ ተደረገ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ አሳዳጁም ተሳዳጁም የአንድ ሰፈር ሰው ሆነ። የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ የያዘው ጎልማሳና የሚታደነው ተማሪ አንድ ቧንቧ የሚቀዱ ጎረቤታሞች ነበሩ። ልጃቸው የተገደለባቸው ቤተሰቦች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም አሉ።

የዚያን ዘመን መዝገብ አሁን እኔ ጋ ይገኛል። በ1970 ዓ.ም. ገጾች ላይ «ለድስት መግዣ» የሚል ወጪ ይደጋገማል። የዚያው ዓመት የንብረት ቆጠራ ላይ ግን የድስቱ ቁጥር አልጨመረም። ለሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ ይነሳል። ምሥጢሩን የነገረችኝ እናቴ ናት። ገንዘቡ እንዳያለቅሱ ለተከለከሉት ቤተሰቦች የተሰጠ የሐዘን ገንዘብ ነበር። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። ሴቶቹ እሳት የሚጭሩ መስለው አንድ አንድ እያሉ ወደ ሐዘንተኛዋ ቤት ይገቡ ነበር። ከገቡት መካከል የአንድ አብዮት ጠባቂ ሚስት ነበረችበት።

ይህን የማወራው እድር ጀግና ነው ለማለት አይደለም። ያ ገንዘብ ማንንም ከሞት አላዳነም። የአንዱ ሐዘን እንደ ሌላው ሐዘን ተቆጥሮ ተከፈለ፤ በቃ። ግን ቤተሰቦቹ በቀጣዩ ወር መዋጮአቸውን ይዘው መጡ። ባይከፈላቸው ኖሮ ይመጡ ነበር ብዬ አላምንም።

ሻምበል ደግሞ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ውዝፋቸው ብዙ ነበር። ይሰረዙ አይሰረዙ በሚለው ስብሰባ ላይ ብዙ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሳለ መምህር «ደንቡ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። ደንቡ በግዳጅ የራቀ አባል ውዝፉን በየወሩ እየከፈለ ይመለሳል ይላል። ሻምበል በዚያው መሠረት ተመለሱ። መምህር ይቅርታ አላደረጉም፤ ይቅርታ የጠየቃቸውም የለም። የጠየቁት ደንቡን ነው።

ቅጣት ከፍሎ መቃወም

በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ 29 ቀን የኢሕአዴግ፣ በማግስቱ የቅንጅት ሰልፍ መስቀል አደባባይ ወጣ። ከእኛ ሰፈር አንዱ የንብ ምልክት ይዞ፣ ሌላው ሁለት ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ሄደ። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔና በቀጣዩ ጥቅምት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አስታወቀ። ከሰፈራችን ልጆች ታፍሰው ደዴሳ የተወሰዱ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን የቀበሌ ሹሙ እናት አረፉ። የታፈሱትን ልጆች ስም የሰጠው እሱ ነው የሚል ወሬ በሰፈሩ ይናፈስ ነበር። ባለሱቁ እድሩ ደጅ ቆሞ «እኔ የዚህን ሰው እናት አልቀብርም!» አለ። የጊዜው የእድራችን ዳኛ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። አልተቆጡትም፤ ስለ አብሮ መኖርም አልሰበኩትም። «መብትህ ነው ልጄ። ቅጣቱ አምስት ብር ነው» አሉት።

ባለሱቁ አምስት ብሩን ከፈለ። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ የቀረው ታሞ ሳይሆን ተቃውሞ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ ብሎ ጠየቀ፤ ተያዘለት። እንደ እሱ ከፍለው የቀሩ ጥቂቶች ነበሩ፤ የሚበዛው ሰው ግን ቀብሩን ወጣ።

ስለዚህ ቅጣት ብዙ አስቤበታለሁ። ቅጣት የሌለው ማኅበር ቢሆን ባለሱቁ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፤ ሳይወድ መሄድ ወይም ጨርሶ መውጣት። አምስት ብሩ ሦስተኛ መንገድ ሰጠው። ቁጣው ሳይታፈን፣ አባልነቱም ሳይቋረጥ ተቃወመ። ከጊዜ በኋላ የራሱ አባት ሲሞቱ የቀድሞው ሹም የድንኳን ተራ ደርሶት ነበርና መዶሻ ይዞ መጥቶ ካስማውን መታ። ተራው ስለ ደረሰ እንጂ ስለ ታረቁ አልነበረም። ባለሱቁም «እግዜር ይስጥልኝ» አለው፤ እሱም ደንብ ነው።

በድንኳን ውስጥ የሚፈቀደው

የእድር ድንኳን ዝምታ የሰፈነበት የሚመስለው ሰው እስከ ሣልስት አድሮበት አያውቅም። ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ ያመሻሉ፤ ሲመሽ ወሬው ወደ መንግሥት ይዞራል። ያልተጻፉ ሕጎች ግን አሉ። ሐዘንተኛው በተቀመጠበት በኩል ክርክር አይነሳም። መንግሥትን ማማት ይቻላል፤ በድንኳኑ ውስጥ ያለን ሰው ዘሩን አንስቶ መናገር አይቻልም። ድምፅ ከፍ ካለ አንድ ሰው የንፍሮውን ሳህን ይዞ በተከራካሪዎቹ መካከል ይቆማል፤ እስኪዘግኑ ድረስ አይሄድም።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ሕግ ጨመርን። ሰዎች ስልካቸውን ከፍተው የዩቲዩብ ተንታኝ ድምፅ ለድንኳኑ ሁሉ ማሰማት ጀምረው ነበር። ተንታኙ ከእኛ ጋር ድንኳን አይተክልም፤ ስለዚህ የሚናገረውን አይመጥንም። ዳኛው «ሰው በራሱ አፍ ይከራከር» ብለው የስልክ ድምፅ በድንኳን ውስጥ እንዲጠፋ አዘዙ፤ ቅጣትም ወጣለት። በራሱ አፍ የሚከራከር ሰው ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ነገ ተነገ ወዲያ የእናቱን አስከሬን የሚሸከምለት መሆኑን እያየ ነው የሚናገረው።

ቡና ላይ ደንብ የለም

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት ሲጀመር፣ በተለይም ከዓመት በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ እድራችን አቅሙ የት ላይ እንደሚያልቅ አየን። ነዋሪው ሰፈሩን እንዲጠብቅ ተባለ። የትግራይ ተወላጆች ይታሰሩ ጀመር፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እስራቱ ማንነትን መሠረት ያደረገ ይመስላል ብሎ ስጋቱን ገለጸ። ከአባሎቻችን የአንዷ፣ የዓድዋ ተወላጅ፣ ባል ታሰረ። እሱ ታስሮ ሳለ ቀብር ነበር፤ ስም ስጠራ «አቤት» የሚል ጠፋ።

በኮሚቴ ስብሰባ ላይ እንዴት ይጻፍ የሚል ክርክር ተነሳ። ልጁ ግንባር የዘመተበት አባት «የእኔ ልጅ እዚያ እየሞተ ነው፤ እናንተ ለማን ነው የምታዝኑት?» አለ። መምህር እንደ ልማዳቸው ወደ ደንቡ መለሱት፤ ጥያቄው ሰውየው ሳይፈልግ ነው የቀረው ወይስ ፈልጎ ነው አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ በጠባብ ልዩነት «በፈቃድ» ተብሎ ተጻፈ።

ይህን ያህል ነው የቻልነው። ከዚያ በላይ ያለው ከእድር እጅ ውጭ ነበር። ለዓመታት ቡና የተጠራራችው ጎረቤት መጥራት ተወች፤ በቡና ላይ እድር ደንብ የለውም። ሁለት ቤተሰቦች መሸኛ ሳይጠይቁ ሰፈር ለቀቁ። ሰው ከሰፈሩ እድር ይልቅ የብሔሩን ወይም የእምነቱን እድር ሲመርጥም ሰምተናል፤ ፈርቶ የሄደን ሰው ለምን ሄድክ ማለት አይቻልም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሞ የትግራይ ስልክ ሲከፈት መርዶው ተከትሎ መጣ። የዚያች ሴት ወንድም ከሞተ ቆይቶ ነበር። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ሌሊት ተሰብስበው አረዷት፤ ድንኳን ተተከለ። ያ ልጁ የዘመተበት አባት መጣ፤ ልጁ ቆስሎ ተመልሶለታል። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ተቀመጠ፤ ስሙ ሲጠራ «አቤት» አለ። ስለ ጦርነቱ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሁለቱም ግን መዋጮ አቋርጠው አያውቁም።

ስለ ወንበር የተጣላነው

በቅርቡ ደግሞ ሰፈሮች በመልሶ ማልማት እየተነሡ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ የተነሡ ሰዎች ርቀው ሄደዋል፤ ለቀብር ሁለትና ሦስት ታክሲ የሚይዙ የድሮ እድርተኞች አሉ። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ከጎኑ ያለውን በር ላያውቅ ይችላል። በሐሳብ ከሚለዩኝ ሰዎች ጋር እንዴት ልኑር ብሎ ለሚጠይቅ አዲስ ጎረቤት የምለው አንድ ነው። በውይይት አትጀምሩ፤ ሁላችሁም የምታዋጡበትና የቀረ የሚቀጣበት አንድ ሥራ ፈልጉ። የውኃ ታንከርም ይሁን የጥበቃ ደመወዝ። ውይይቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ግን አንዱ ሌላውን በሌላ ጉዳይ ይፈልገዋል።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ትልቁ ጠብ የተነሳው በወንበር ነው። አሮጌውን አግዳሚ በፕላስቲክ ወንበር ለመተካት መዋጮ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀረበ። ባለሱቁና የቀድሞው የቀበሌ ሹም ጎን ለጎን ተቀምጠው ደገፉት። ሻምበልና መምህር፣ ሁለቱም ጡረተኞች ናቸውና፣ አንድ ላይ ተቃወሙ። የዓድዋዋ እመቤትና ያ የዘማች አባት ደግሞ ከወንበሩ በፊት ድስት ይቀድማል ብለው በአንድ ድምፅ ተከራከሩ። በመንግሥት ጉዳይ ላይ እንደ ተሰለፍነው በወንበር ጉዳይም ብንሰለፍ ኖሮ ይህ እድር እስከ ዛሬ አይቆይም ነበር።

ሐሳቡ በዕለቱ አላለፈም፤ ለቀጣዩ ስብሰባ ተቀጥሯል። ሻምበልና መምህር ከአሁኑ ቤት ለቤት እየዞሩ ድምፅ እያሰባሰቡ ነው። እኔም በዚህ ጉዳይ የእነሱ ወገን ነኝ፤ ጡረታዬን ያወቀ አይፈርድብኝም።