ለረጅም ጉዞ የሚሆን ብስክሌት አመራረጥ
ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ምክር

ብስክሌት በከተማ ውስጥ ለመላላኪያ ሲሆን አንድ ነገር ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር ለመድረስ ሲሆን ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ርቀቱ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው በዚህ መንገድ ላይ ተጓዡ ጓዙን ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩንም ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ይወጣል። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ የማይሆን ዕቃ የሸጠ ነጋዴ ስሕተቱ የሚገለጠው በሱቁ ደጃፍ ሳይሆን ጎሚስታም መለዋወጫም በሌለበት በረሃ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ጥንቃቄው ዕቃው ከመታዘዙ በፊት መጀመር ይኖርበታል።

የብስክሌት ጉዞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል፤ በ2003ም ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የተደረገው ቱር ዳፍሪክ የተባለው ረጅም ጉዞ አገራችንን አቋርጦ አልፏል። ስለዚህ ገዢ ሲመጣ ሻጩ ሊመልስለት የሚችለው ዕውቀት ሊኖረው ይገባል።

ስለ ዋናው አካል

ሸክሙን ሁሉ የሚችለው አካል ከብረት፥ ይልቁንም ክሮምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት ብረት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። አሉሚኒየም ቀላል መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሲሰበር ብየዳው ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፥ በእሳት የተነካውም ሥፍራ ጥንካሬውን ያጣል። ብረት ግን በአነስተኛ ከተማ ባለ ጠንቃቃ በያጅ ሊጠገን ይችላል። ደግሞም ከፔዳሉ መዞሪያ እስከ ኋላው መንኰራኵር መካከል ያለው ርቀት 44 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን የተጓዡ ተረከዝ ከተንጠለጠለው ሻንጣ ጋር አይጋጭም። የዕቃ መጫኛው የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች ከፊትም ከኋላም መኖራቸው ይታይ።

ስለ ጎማና ስለ ቸርኬ

ነጋዴውን ከሁሉ ይልቅ ለኪሳራ የሚያጋልጠው ይህ ክፍል ነው። «26 ኢንች» የሚለው ስም አንድ ልክ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ስም የሚጠሩት ቸርኬዎች ጎማው በሚቀመጥበት ሥፍራ 559፥ 584 ወይም 590 ሚሊ ሜትር ሊሆኑ ይችላሉ። «28 ኢንች» የሚባለውም እንዲሁ 622 ወይም 635 ነው። ቸርኬው 559 ሆኖ ሳለ የ590 ጎማ ያዘዘ ሰው፥ በደረሰኙ ላይ ሁሉም «26» ተብሎ ቢጻፍም፥ በመጋዘኑ የሚቀረው የማይገጥም ጎማና የታሰረ ገንዘብ ነው። ሻጩም እንደ ውሉ ልኬአለሁ ብሎ ይከራከራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በጎማው ጐን ላይ ለምሳሌ 47-559 የሚል ቍጥር ይገኛል፤ ፊተኛው የጎማው ስፋት፥ ኋለኛው የቸርኬው ልክ ሲሆን ሁለቱም በሚሊ ሜትር ናቸው። ይህ ቍጥር በፕሮፎርማውና በባንክ ሰነዱ ላይ ሳይጓደል ይጻፍ። ለጠጠር መንገድ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይስማማል። አብዛኛው ሸክም የሚያርፍበት የኋላው መንኰራኵርም 36 ሽቦዎች ቢኖሩት መልካም ነው።

ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን

የፊተኛው ትንሹ ማርሽ 24፥ የኋለኛው ትልቁ 34 ጥርስ ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ይህ ነው። ለእሽቅድምድም እንደተሠሩት 39 እና 25 ጥርስ ቢሆን ግን ከሦስት ሜትር በላይ መግፋትን ስለሚጠይቅ ጉልበትን ያደክማል።

በረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ቸርኬውን እያጋለ ካላማዳሪውን ሊያፈነዳ ስለሚችል፥ በዲስክ የሚሠራው ይሻላል። እርሱም በዘይት ከሚሠራ ይልቅ በሽቦ የሚሳብ ቢሆን ጥገናው ይቀላል።

ስለ ምቾት

እጅግ ለስላሳ መቀመጫ ለአንድ ሰዓት ይመቻል እንጂ ለአንድ ሳምንት አይመችም። በእንግሊዝ አገር በ1866 የተመሠረተው የብሩክስ ድርጅት እንደሚሠራው ያለ የተወጠረ የቆዳ ኮርቻ በጊዜ ብዛት የተቀማጩን ቅርጽ ይይዛል፤ ከዝናብ ግን መጠበቅ አለበት። ቆዳን ለውጭ ገበያ የምናቀርብ ሕዝብ ሆነን ሳለ እንዲህ ያለውን ኮርቻ በአገራችን ስለ መሥራት የቆዳ ነጋዴዎች ቢያስቡበት መልካም ነው። አስመጪውም አንድ ቁመት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ልክ ያስመጣ፤ በልኩ ያልሆነ ብስክሌት ምንም ያህል ውድ ቢሆን ወገብን ያሳምማልና።

በመጨረሻም አስመጪው ብዙ ከማዘዙ በፊት አንድ ናሙና አስመጥቶ ሃያ ኪሎ ጭኖ የእንጦጦን ዳገትና ቁልቁለት ያስሞክርበት። ብስክሌቱን ሲያዝም ጎማ፥ ካላማዳሪ፥ ካቴና፥ የፍሬን ሽቦና የመንኰራኵር ሽቦ አብሮ ይዘዝ። ደንበኛው ከጉዞው በሰላም ተመልሶ ለወዳጁ የሚናገረው መልካም ቃል ገንዘብ የማይገዛው ማስታወቂያ ነው።