አዋጅ ያልወጣለት መደብር

በሪያድ ከተማ በዑለያ አውራ ጎዳና፣ 267 ሜትር በሚረዝመው በፈይሰሊያ ሕንፃና 302 ሜትር በሚደርሰው በመምለካ ማማ መካከል ከተደረደሩት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ የሚጠጣ ነገር የሚያዝ እንግዳ፣ የሚቀርብለት አልኮል የሌለበት የብቅል መጠጥ፣ ወይም የፖም ጭማቂ እንደ አምቦ ካለ ውኃ ጋር የተቀላቀለበት፣ የናና ቅጠልና የተቆራረጠ ፍራፍሬ የሚንሳፈፍበት፣ በትልቅ ጆግ የሚመጣው «የሳዑዲ ሻምፓኝ» ነው፤ ስሙ ሻምፓኝ ይሁን እንጂ ሕፃን ቢጠጣው የሚያሰክር አይደለም።

ይህ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አስካሪ መጠጥ ለሙስሊሞች በእስልምና ሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ በሳዑዲ መንግሥት መጀመሪያ ዘመን በዚያ ይኖሩ የነበሩ ባዕዳን ለራሳቸው አስመጥተው ቢጠጡ በዝምታ ይታለፉ ነበር። ይህን ዝምታ የሰበረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1951 በጂዳ የሆነው ነገር ነው፤ ይኸውም የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ልጅ፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት የነበረው ልዑል ሚሻሪ፣ በእንግሊዙ ምክትል ቆንስል በሲሪል ኡስማን ቤት በተደረገ ግብዣ ላይ ተጨማሪ መጠጥ ሲከለከል ተቆጥቶ፣ ጠመንጃ ተኩሶ ጋባዡን ኡስማንን ገደለው። ልዑሉ ታሰረ፤ ንጉሡም በተከታዩ ዓመት፣ በ1952፣ መጠጥ ወደ አገሩ እንዳይገባ በባዕዳንም ላይ ሳይቀር ከለከሉ። ጠጥቶ የገደለው የቤተ መንግሥት ልጅ ሆኖ ሳለ የክልከላው ቀንበር በእንግዶች ሁሉ ጫንቃ ላይ መውደቁን ሳስብ፣ ሕግ አንዳንድ ጊዜ ከበደለኛው ይልቅ በአቅራቢያው የተገኘውን እንደሚቀጣ እታዘባለሁ።

ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024፣ ከዑለያ በስተ ምዕራብ በዋዲ ሐኒፋ አጠገብ በሚገኘው የኤምባሲዎች ሰፈር፣ ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች ብቻ መጠጥ የሚሸጥ መደብር መከፈቱ ተሰማ። ከዚያ በፊት ኤምባሲዎች መጠጣቸውን በዲፕሎማሲያዊ ጭነት ያስገቡ ስለ ነበረና ከዚያም ጥቂቱ እየሾለከ በስውር ገበያ በውድ ዋጋ ይሸጥ ስለ ነበረ፣ መንግሥት ይህን ጭነት በአዲስ ደንብ አጥብቆ፣ በምትኩ በዓይኑ ሥር የሚቆጣጠረውን አንድ ደጅ ከፈተ።

ገዢው አስቀድሞ በስልኩ «ዲፕሎ» በተባለው መተግበሪያ ይመዘገባል፤ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም የፈቃድ ቁጥር ይቀበላል። ዕድሜው ከ21 ዓመት ያነሰ አይገባም፤ ሾፌሩን ልኮ ማስገዛትም የተከለከለ ነው፤ በውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳት እርም ነው። ለእያንዳንዱ በወር 240 ነጥብ ይመደብለታል፤ ከዚህም አንድ ሊትር አረቄ 6፣ አንድ ሊትር ወይን 3፣ አንድ ሊትር ቢራ 1 ነጥብ ይወስድበታል። ስለዚህ ነጥቡን ሁሉ በአረቄ የጨረሰ ሰው 40 ሊትር ይዞ ይወጣል ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሚያስፈልገው አምባሳደር ምን ያህል እንግዳ እንደሚቀበል እርሱ ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ደግሞ ያው ደጅ፣ ምንም አዋጅ ሳይነገርለት፣ «ልዩ መኖሪያ» የሚባለውን ፈቃድ ለያዙ ሙስሊም ላልሆኑ ባዕዳንም እንደ ተከፈተ ተዘገበ። የዚህ ፈቃድ ዋጋ በቋሚነት ለሚገዛው 800,000 ሪያል፣ በየዓመቱ ለሚያድሰው 100,000 ሪያል ነው። እዚህ ላይ ነው ፍርዴ የሚከብደው፤ ጽሑፉ ሳይለወጥ አሠራሩ የሚለወጥ ሕግ፣ ለውጡን የሚያውቀው ባለጸጋው ብቻ ይሆናልና። በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያነሣ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነም መሸጥን ሲከለክል፣ ቢራ ጠማቂውም ጠጪውም እኩል ሰምቶታል፤ ወደድነውም ጠላነውም በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይነበባል።

በዑለያ ሕንፃዎች የጥበቃና የጽዳት ሥራ የሚሠራው፣ በባለጸጎች ቤት የምታገለግለው ወገናችን፣ ኢቃማ የሚባለውን ተራ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘው፣ ከዚህ መደብር ደጅ ውጭ ነው። ለእርሱ የ1952ቱ ክልከላ እንደ ጸና አለ፤ ጠላም ቢሆን ጠጅ፣ በጓዳ የወጣ አረቄም ቢሆን፣ መጥመቁም መሸጡም መጠጣቱም እስራትና መቀጮ፣ በመጨረሻም ከአገር መባረርን ያስከትላል። ስለዚህ በዚያ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ «በሪያድ መጠጥ ተፈቀደ» የሚል ወሬ በሰማችሁ ጊዜ፣ ለማን እንደ ተፈቀደ ሳትጠይቁ በዓል አለ ብላችሁ ጠላ አትጥመቁ።